ምሥጢር ጠባቂዎች፦ ከንስሐ አባት እስከ ዩኒቨርሲቲው የምክር ክፍል

እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስገቡ ወላጆች ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፤ «ሀበሻ ገመናውን ለባዳ አያወራም።» የዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት የፈረንጅ ልማድ ይመስላቸዋል። እኔ አልስማማም። ጭንቀትን ለባዳ ተናግሮ ቀልሎ መውጣት እኛም ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው።

አያቴ ቤት የንስሐ አባቷ ሲመጡ እኛ ልጆች ወደ ጓሮ እንባረር ነበር። በሩ ይገጠማል። ዝግ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ይቆዩና አያቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ትወጣለች። ምን እንደተናገረች አያቴን ባሏም ሆነ አጎቶቼ አይጠይቋትም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። ቄሱ ርስት አይጋሯትም፣ ዕዳም የለባትም። ኑዛዜ የሰማ ካህን ምሥጢሩን ቢያወጣ ክህነቱን እንደሚያጣም ታውቃለች። ሥርዓቱ የተሠራው ለነፍስ ነው፤ የተጨነቀ ሰው ግን ሲተነፍስበት ኖሯል።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ይህን የምሥጢር አደራ በሕግ አጸናው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሙያው የሰማውን ምሥጢር በሚያወጣ ሰው ላይ ቅጣት ሲደነግግ ካህኑን፣ ጠበቃውንና ሐኪሙን አንድ ላይ ጠርቷቸዋል። የአእምሮ ሐኪም ግን ብርቅ ነበር። አማኑኤል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከገጠር መጥቶ ኮሌጅ የገባ ልጅ ሲከፋው ያለው የዶርም ጓደኛው ብቻ ነበር።

ስደት ደግሞ የነበረንንም አሳጣን። አፓርታይድ ካበቃ በኋላ የእኛ ልጆች፣ በተለይ ከሆሳዕና አካባቢ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል እየመጡ በጆሃንስበርግ በረከቱ። ጄፒ ብለን በምንጠራው ጎዳና ላይ ሜዲካል አርትስ የሚባል ሕንፃ አለ፤ ድሮ የሐኪሞች ነበር። ሐኪም በሽተኛውን ለብቻው ያነጋግርባቸው የነበሩት ክፍሎች በነጋዴዎቻችን እጅ ሱቅ ሆነዋል። አልጋ ልብስ፣ መጋረጃና ጂንስ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በመካከሉ ለመተላለፍ ትከሻን ማጥበብ ያስፈልጋል። እኔም እንጀራዬን የማገኘው እዚያው ጄፒ ነው፤ ደግ ሰው ሞልቶበታል። ምሥጢር ግን አያድርበትም፤ ማታ ጄፒ የተወራው ጠዋት ሆሳዕና ይሰማል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ልጁን የሚመክረው ታላቅ ሰው ብዙ ጊዜ የመንገዱን ገንዘብ የከፈለለት ሰው መሆኑ ነው። ባለዕዳ ለአበዳሪው «እንቅልፍ አጣሁ፣ ትምህርቱም ከበደኝ» ብሎ እንዴት አፉን ይከፍታል?

ለዚህ ችግር ሌላውም ዓለም መፍትሔ ፈልጓል። ቻድ ቫራ የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1935 የ14 ዓመት ልጅ ቀበሩ። ልጅቱ የወር አበባ ሲመጣባት ክፉ በሽታ መስሏት፣ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ራሷን አጥፍታ ነበር። ቄሱ አልረሷትም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሆነው የተጨነቀን ሰው በስልክ መስማት ጀመሩ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም የሜቶዲስቱ ቄስ ፒተር ስቶሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ኬፕ ታውን ላይ ላይፍላይን የሚባለውን የስልክ አገልግሎት አቋቋሙ። ደዋዩ ስሙን መናገር አይገደድም። ሁለቱም ቄሶች ነበሩ፤ የኑዛዜን አደራ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አውጥተው ለማንም ደዋይ አደረሱት።

በዩኒቨርሲቲዎች ያለው የምክር ክፍል የዚሁ አደራ ወራሽ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ለተመዘገቡ ተማሪዎቹ አገልግሎቱን በነፃ ይሰጣል። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ስትገባ ከምክር ክፍሉ የተሰጣትን ቅጽ አነበበችልኝ፤ የምትናገረው እዚያው ይቀራል፣ የሚወጣውም ሕይወቷ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲጎዳ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው ይላል። የደቡብ አፍሪካ የጤና ሕግም የታካሚን መረጃ ምሥጢር ብሎ ይጠብቃል።

ብዙ ልጆቻችን ግን ሌላ ፍርሃት አለባቸው፤ ጥገኝነት የጠየቁበት ወረቀት። ለአማካሪ የተናገሩት ኢሚግሬሽን የሚደርስ ይመስላቸዋል። ጥገኝነት ጠያቂ መማር እንደሚችል የአገሪቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ወስኗል። አማካሪው ደግሞ የምክር ባለሙያ እንጂ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ አይደለም።

ስለዚህ ቤሪያ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ፈተና እስኪያስጨንቃችሁ አትቆዩ፤ የኮሌጃችሁ የምክር ክፍል የት እንዳለ በመጀመሪያው ወር እወቁ። ወላጆችና ታላላቆች ደግሞ፣ ክፍሉ መኖሩን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ሄደው ሲመለሱ የተናገሩትን አትጠይቋቸው። ያበደራችሁትን ገንዘብ ስትቆጥሩ የልጁን ጤና አስቀድሙ።