የሲሜን የድንጋይ ክምርና የባሕር ወለል ደለል፦ የክላይማፕ ግምት ሲመረመር

ከዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የበረዶው ዘመን በበረታበት ጊዜ፣ የምድር ወገብ አካባቢ ምን ያህል ቀዝቅዞ ነበር? ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት ያገኘው መልስ የመጣው ከባሕር ወለል ነው። ይህ መጣጥፍ ያ መልስ ለአፍሪካ ቀንድ እንደማይበቃና ችላ የተባለው የሲሜን ማስረጃ ሊቀድመው እንደሚገባ ይከራከራል።

ስለ ሲሜን የጥንት በረዶ ስዊድናዊው ኤሪክ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1940 ጽፏል፤ በዚያ ላይ ሙግት የለንም። ሙግታችን ክላይማፕ ከተባለው የምርምር ቡድን ጋር ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1981 ላወጣቸው ካርታዎች መሠረቱ ጆን ኢምብሪና ኒልቫ ኪፕ በ1971 ያቀረቡት ቀመር ነበር። ፎራሚኒፌራ የተባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ተንሳፋፊዎች ሲሞቱ የኖራ ቅርፊታቸው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። በላይኛው ደለል ያሉት ዝርያዎች ተቆጥረው ከዛሬው የውሃ ሙቀት ጋር ይዛመዳሉ፤ ያው ዝምድና ከሥር ላለው የቆየ ደለልም ይሠራበታል። ውጤቱ፣ አብዛኛው ሞቃታማ ውቅያኖስ የቀዘቀዘው ከ2 ዲግሪ በታች ነው የሚል ሆነ።

ስህተቱ ዝርያዎች ከሙቀት ጋር ብቻ ይለዋወጣሉ ብሎ መነሣቱ ነው። በዓረብ ባሕር የክረምቱ ነፋስ ቀዝቃዛና ምግብ የበዛበትን ውሃ ከጥልቅ ያወጣል፤ ግሎቢጀሪና ቡሎይድስ የተባለው ዝርያ የሚበዛውም ያኔ ነው። በበረዶው ዘመን ይህ ነፋስ ደክሞ ነበር። ስለዚህ እዚያ የሚቆጠረው ቅርፊት የነፋስን፣ የምግብንና የሙቀትን ታሪክ አቀላቅሎ የያዘ ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ ይብሳል። የዓለም ባሕር ወደ 120 ሜትር ዝቅ ሲል የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ ጠበበ፣ ጨዉ በረታ፣ ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራም ከአብዛኛው ቀይ ባሕር ጠፉ። ለሲሜን የሚቀርበው ባሕር በተፈለገበት ዘመን ቆጠራ የለውም።

ተራራው ግን ማስረጃ አለው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት፣ የበረዶ ግግር ከከፍታዎቹ ገፍቶ ያወረዳቸውን የድንጋይ ክምሮች መርምሮ ሙቀቱ ከዛሬው በ7 ዲግሪ ገደማ ያንስ እንደነበር ገመተ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል ብለን እናስላ። በ2 ዲግሪ ቅዝቃዜ፣ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሳንቃ በር ከእሱ ከፍ ብሎ የሚገኘው ጊች ዛሬ ያለውን ሙቀት ብቻ ያገኝ ነበር። በሁርኒ ግምት ግን 4,430 ሜትር ገደማ የሆነውን የቧሂትን ጫፍ ያህል ይቀዘቅዛል። ዛሬ 4,533 ሜትር በሆነው ራስ ደጀን ላይ እንኳ ዘላቂ ግግር የለም። ጊችን የመሰለ ብርድ ወደ ሳንቃ በር ስለወረደ ብቻ በተራራው ላይ ግግር ይሠራል ማለት ያስቸግራል።

ደረቅ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ባሕሩና ተራራው ሊለያዩ ይችላሉ የሚሉ አሉ። ድርቀቱ እውነት ነው፤ የጣና ደለል ሐይቁ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ነገር ግን ድርቀት በረዶውንም ይቀንሳል፤ ትንሽ በረዶ ግግር እንዲሆን የበለጠ ብርድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ባሌ ተራሮች የወጣው ጥናት ግግሩ ከ42 እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት እንደ ገነነ ማሳየቱም የዘመን ጥያቄ ያስነሣል እንጂ የብርዱን መጠን አያቀልም፤ ያው ጥናት ቅዝቃዜውን ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ገደማ አድርጎታል።

ከባሕሩ ወገንም መልሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1994 የባርቤዶስ ኮራሎች 5 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ አሳዩ። ማርጎ የተባለው የ2009ኙ የባሕር ሙቀት ጥናት ሞቃታማውን ባሕር በ1.7 ዲግሪ ብቻ ቢያቀዘቅዘውም አብዛኛው መረጃው ያው የዝርያ ቆጠራ ነበር። ቆጠራውን ትቶ በኬሚካዊ መለኪያዎች የተመሠረተው የ2020ው የቲየርኒና የባልደረቦቿ ሥራ የዓለምን አማካይ ቅዝቃዜ 6.1 ዲግሪ አድርሶታል።

በእርግጥ አንድ ተራራ ውቅያኖስን አይተካም፤ ሁርኒም ዘመኑን የገመተው በተዘዋዋሪ ነው። ቢሆንም ለቀንዱ አገር የ2 ዲግሪው ግምት ሊተው ይገባል። በባሌ የተሠራበት የክሎሪን 36 የዕድሜ ልኬት በቧሂትና በራስ ደጀን ክምሮች ላይም ይሠራ፤ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሥራ ይጀምሩት።