ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ወደ ቦሌ

እናቴ የአውሮፕላን ትኬት አታምንም። አውሮፕላኑን ታምነዋለች፤ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ግን አታምነውም። ምክንያት አላት፤ ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነኝ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ታላቅ እህቴ ለሥራ ቤይሩት ልትሄድ ተነሣች። ትኬቱ የመጣው በበረራው ዋዜማ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ያነባል ተብሎ የሚታመነው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ሰጡኝ። ማክሰኞ፣ 03:40 ይላል። «ሦስት ሰዓት ከአርባ» ብዬ አነበብኩላቸው። እናቴ በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ተብሏልና ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት እንወጣለን ተባለ። ሚኒባስ በኮንትራት ተያዘ። አሥራ አንድ ሸኚ ተጫነ፤ እኔ መሐል ላይ ሻንጣ ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ቦሌ ስንደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ነበር። 03:40 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ነው። አሥራ ሁለታችንም በዚያው ሚኒባስ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ ማንም አልተናገረም። ሾፌሩ እንኳ ሬዲዮውን ዘጋው። ለትኬት መቀየሪያው እናቴ ዕቁቧን አስቀድማ ለመነች፤ እህቴም ከአምስት ሳምንት በኋላ ሄደች።

ይኼን የማነሳው ባለፈው ዓመት ይህችው እህቴ ለእረፍት መጥታ ስትመለስ፣ «በምን እንሂድ?» የሚለውን እንድወስን ዕጣው ለእኔ ስለወጣ ነው። በረራዋ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል። አሁንም ማክሰኞ! አፑን ከፍቶ መኪና መጥራት ነው አይደል? እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን ሳወጣ ሳወርድ፣ በሌሊት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ በዚህች ከተማ የራሱ ታሪክ ያለው ጉዳይ መሆኑ ገባኝ።

ከባቡሩ እንጀምር። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት አይጓዝም ነበር፤ መንገደኛ አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ ጅቡቲ የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። አዋሽ ላይ ያለው የባቡር ጣቢያው ሆቴል ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ማለትም ባቡሩ እንደኛው ነበር፤ ሲመሽ ያድራል፣ ሲነጋ ይነሣል። ጣቢያው ለገሐርም ከተማው ውስጥ ነው። ሸኚ በእግሩ መጥቶ፣ አልቅሶ፣ በእግሩ ይመለሳል። የሰዓት ጭቅጭቅ የለም፤ የትራንስፖርት ጭቅጭቅ የለም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴ የሚባል የፈረንሳይ አውሮፕላን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ደግሞ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጋቢት 30 የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። ተሳፋሪው እንደ ሠራዊት ግድግዳ ተደግፎ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ መሐሉ ላይ ዕቃ ይጫናል። (የድሮውን ውይይት ታክሲ ያየ ሰው አቀማመጡ ይገባዋል፤ ፊት ለፊት እየተያዩ መሄድ ነው።) ማረፊያው ልደታ ነበር። ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቪላ ልትከራዩ የምትጠይቁበት፣ ዋጋው የሚያስደነግጣችሁ ያ ሰፈር በአንድ ወቅት የኤርፖርት ጎረቤት ነበር። ልደታም እንደ ለገሐር ቅርብ ነው። በጋሪ ይደረሳል፤ ከመርካቶ ተነስቶ በእግር መሄድ ለጎበዝ ሰው ምንም አይደለም።

ነገሩ የተቀየረው በጄት ነው። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሲያዝ የልደታ መንደርደሪያ ለጄት አጭር መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ከከተማው ጫፍ፣ ቦሌ ላይ አዲስ ተሠራ፤ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. መንደርደሪያውና መቆጣጠሪያ ማማው ሥራ ጀመሩ። ወሩን ልብ በሉት። ከአምስት ወር በኋላ፣ በግንቦት፣ የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ለመመሥረት አዲስ አበባ ገቡ። ቻርተሩን የ32 አገሮች ተወካዮች ግንቦት 17 ፈረሙ። ያ ከቦሌ ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ኋላ የአፍሪካ ጎዳና ተባለ። እንግዳ በክብር ለመቀበል የሚያምር መንገድ ነው። በአጃቢ መኪና ለሚመጣ ሰው ማለቴ ነው። ሻንጣ ተሸክሞ ከጉለሌ ለሚመጣ ሰው ግን ኤርፖርቱ ራቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «በምን እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ተወለደ ብል ብዙ አልሳሳትም።

መልሱ ለረጅም ጊዜ ሰማያዊና ነጭ ነበር። መጀመሪያ ትንሿ ፊያት፣ ሴቼንቶ፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ላዳ። ላዳ ሻንጣዋ ትንሽ ናት፤ ጣራዋ ላይ ፖርታመጋላ ካለ ግን የማትሸከመው ነገር የለም።

ደርግ ሌላም ነገር አመጣ፤ ሰዓት እላፊን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስኪነጋጋ ድረስ መንገድ ላይ መገኘት ወንጀል በነበረበት ዘመን፣ የንጋት በረራ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? አባቴ እንደሚያወራው፣ ታላቅ ወንድሙ በ1971 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲሄድ ቤተሰቡ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት። ቀይ ሽብር ገና ትላንት ነው፤ ሌሊት ሮንድ ለሚጠብቅ ጠመንጃ ለያዘ ወጣት ወረቀት ማሳየት፣ ወረቀቱን እስኪያነብ ድረስ መትረፍን ይጠይቃል። አያቴ «ወረቀት ጥይት አይመልስም» ብላ እምቢ አለች። ሁለተኛው ቦሌ አካባቢ ዘመድ ፈልጎ እዚያ ማደር ነው። ዘመድ አልነበረም። የጎረቤት የሥጋ ዘመድ የሆነ፣ አይተውት የማያውቁት ሰው ተገኘ። አጎቴና አባቴ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በአውቶብስ ሄደው ሳሎኑ ወለል ላይ አደሩ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሻንጣውን ለሁለት ይዘው በእግራቸው ኤርፖርት ገቡ። አያቴ ልጇን የሸኘችው እቤቷ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከበረራው አሥራ አምስት ሰዓት ቀድማ ነው። አጎቴ ሲመለስ እሷ አልነበረችም።

ታዲያ አውሮፕላኖቹ ለምንድን ነው ሰው በሚተኛበት ሰዓት የሚነሡት? ልጅ እያለሁ ለክፋት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ቦሌ የመሸጋገሪያ ጣቢያ ነው። ማታ ከአፍሪካ ከተሞች የሚመለሱት አውሮፕላኖች ተሳፋሪ ያራግፋሉ፤ ያ ተሳፋሪ ሌሊት ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ይበተናል። ጠዋት ደግሞ በተቃራኒው ከእነዚያ አገሮች የመጡት ወደ አፍሪካ ከተሞች ይቀጥላሉ። ሰዓቱ የተቀመረው ለሚሸጋገረው ሰው ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ለሚነሳው አይደለም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ስስ አየር ላይ ከባድ ጄት ማንሳት ያስቸግራል፤ ቅዝቃዜ ግን አየሩን ያጠነክረዋል። የሌሊቱ ብርድ ሸኚን ቢያንቀጠቅጥም ለአውሮፕላኑ ይመቸዋል።

የሰዓቱ ጣጣ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ። ትኬት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እኛ ከንጋት። ስለዚህ ስህተቱ ስድስት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀንም ሊሆን ይችላል። ትኬቱ ላይ «ማክሰኞ 02:30» የሚለው ሌሊት፣ ለእናቴ ገና ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ተዘጋጅቶ የሚወጣ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። የሚገርመው አማርኛ ለዚህ መድኃኒት ነበረው፤ «አጥቢያ» የሚል ቃል። «ለማክሰኞ አጥቢያ» ከተባለ ሰኞ ማታ ተኝተህ ማክሰኞ ሳይነጋ መሆኑን ማንም አይስትም። ሽማግሌዎች ልደትንም ሞትንም እንደዚህ ነው የሚናገሩት። ያን ጊዜ እኔ በቁጥሩ ፈንታ ይህን ቃል ባውቅ ኖሮ...

ተዉት።

አሁን ወደ ምርጫዬ ልመለስ። ቀላል ባቡር አይሆንም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑ ሁለት መስመሮች ነበሩት፤ አንዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሌላው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ሁለቱም ኤርፖርት አይደርሱም። ሌሊትም አይሠራም። ሚኒባስ ታክሲ በዚያ ሰዓት የለም። የቀረው በአፕ የሚጠራ መኪና፣ የሰፈራችን ባለ ላዳና የአክስቴ ልጅ መኪና ነው።

በስልክ የሚጠራው ታክሲ እዚህ አገር የጀመረበት ምክንያት ለዚህ ጽሑፍ ይመጥናል። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡ የመጣላት አምሽታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ መያዝ ስለሚያስፈራትና ሾፌሮችም ዋጋ ስለሚቆልሉባት መሆኑን በተደጋጋሚ ተናግራለች። አገልግሎቱም መጀመሪያ የሚሠራው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። የጨለማና የብቸኛ ሴት ጥያቄ የወለደው ነገር ነው እንግዲህ። እኔም አፑ ላይ ዋጋውን አይቼ፣ «በቃ ይኼ ነው» አልኩ።

እናቴ ከወጥ ቤት «ስንት ሰው ይጭናል?» አለች።

«አራት።»

«አራት?» አለችኝ፤ ስድብ የሰማች ነው የምትመስለው።

ለካ እስካሁን የማሰላው ስለ ተሳፋሪዋ ነበር። የእኛ አገር የኤርፖርት ጉዞ የሚለካው በሸኚ ነው። ሸኚ ደግሞ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም። በጥር 1995 የተከፈተው ተርሚናልም ሆነ፣ በጥር 2011 ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የተደረገው ለሸኚ ወንበር የለውም። ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ነጠላ ለብሶ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። ያም ሆኖ ይመጣል። የአረብ አገር ጉዞ በበዛባቸው ዓመታት ሌሊት ቦሌ የሄደ ሰው አይቶታል፤ ገና ከገጠር የመጡ፣ አንድ ዓይነት ሻርፕ ያሰሩ ልጃገረዶች በተርታ ሲገቡ፣ እናቶች ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ሲቀሩ። ከኅዳር 2006 ጀምሮ ሳዑዲ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በወራት ውስጥ ስትመልስ ደግሞ በዚያው በር ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ወጡ። ያን ጊዜ የሚቀበላቸው ሰው ያልነበራቸው ብዙ ነበሩ። እናቴ ያንን በቴሌቪዥን ካየች በኋላ፣ ከቤታችን ሰው ሲሄድም ሲመጣም መኪናው ሙሉ መሆን አለበት የሚል ሕግ አወጣች።

እህቴ ራሷ «ብቻዬን በአፕ ብሄድ ይሻለኛል» አለችኝ በሹክሹክታ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ኤርፖርት ስትገባ ስትወጣ ኖራለች፤ ለቅሶ ሰልችቷታል። ልክ ናት። እናቴም ልክ ናት። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ እንደዚያን ቀኑ።

ሁለቱንም አደረግሁ። አፑ ላይ ለእህቴና ለሻንጣዎቿ መኪና ጠራሁ፤ ለሸኚ ደግሞ ሚኒባስ በኮንትራት ያዝኩ። ዋጋው እጥፍ ነው፤ ይሁን። ሰዓቱን ለሾፌሮቹ በቁጥር ብቻ አልነገርኳቸውም። «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 5 ሰዓት፣ ሰኞ ማታ ማለቴ ነው» አልኳቸው። የሚኒባሱ ሾፌር ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ሦስት ጊዜ ነገርከኝ እኮ!»

ስለ አዲሱ ኤርፖርት ሰምታችኋል አይደል? ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የታቀደውን። እናቴ በዜና ስትሰማው የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስንት አውሮፕላን ያስተናግዳል የሚል አልነበረም። «ሸኚስ በሌሊት በምን ይመለሳል?» ነው ያለችው።

ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ላይ ሁለቱም መኪኖች በር ላይ ቆሙ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እህቴ ባለ አፑ መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ እናቴ በጋቢዋ እንደተጠቀለለች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከመነሳታችን በፊት ስልኬን ተቀበለችኝና ትኬቱን አሳየኝ አለች። ከፍቼ አሳየኋት። በመነጽሯ ተጠግታ አየችው፤ እንግሊዝኛ አታነብም።

«አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩላት።