የሳይንስ ፌር ከየት መጣ? ብር ለሌለው ተማሪስ ቦታ አለው?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉና አንብቡት።

የትምህርት ቤት የሳይንስ ፌር ሲቃረብ በየዓመቱ የምሰማት አንዲት ጥያቄ አለች። "ቲቸር፣ ለመወዳደር ስንት ብር ያስፈልጋል?" ልጆቹ አይፈረድባቸውም። ጠረጴዛ ላይ ጎልቶ የሚታያቸው መብራት የሚያበራ፣ በሪሞት የሚንቀሳቀስ፣ አንዳንዴም ከተማ ተወስዶ ለባለሙያ ተከፍሎ የተሠራ ሞዴል ነው። አቅራቢውን ልጅ "ይሄ ሽቦ ለምን እዚህ ገባ?" ስትሉት ጓደኛውን ያያል። ሞዴሉ ግን ያምራልና ይጨበጨብለታል። እዚያው ክፍል ውስጥ ጥሩ ጥያቄ ያላት፣ ብር ግን የሌላት ልጅ ገና ሳትመዘገብ ትቀራለች። ታሪኩን ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት ለእሷ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

አጀማመሩ እንዲህ ነው። በ1828 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ "አሜሪካን ኢንስቲትዩት" የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ሥራው የእርሻና የኢንዱስትሪ ውጤቶችን በአውደ ርዕይ ማሳየት ነበር። ገበሬው ምርጥ ምርቱን፣ ባለፋብሪካው አዲሱን ማሽን ይዞ ይቀርባል፤ የተሻለው ይሸለማል። ማኅበሩ ልክ በ100 ዓመቱ፣ በ1928፣ ለልጆችም ተመሳሳይ አውደ ርዕይ ከፈተላቸው። ብዙዎች የሳይንስ ፌርን ታሪክ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። "ፌር" የሚለው ቃል ራሱ ገበያ፣ ባዛር እንደማለት ነው። ስለዚህ የማሳየቱና የማሳመሩ ነገር ዛሬ እኛ ጋ የመጣ አመል አይደለም፤ ከጅምሩ አብሮት የተወለደ ነው።

ሌላው መነሻ ደግሞ ከጋዜጣ ሰዎች መጣ። በ1921 ኤድዋርድ ስክሪፕስ የተባለ የጋዜጦች ባለቤት "ሳይንስ ሰርቪስ" የሚባል ድርጅት መሠረተ። ዓላማው ሳይንስን ተራው አንባቢ በሚገባው ቋንቋ ማድረስ ነበር። ይሄው ድርጅት በ1942 ከዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ጋር ሆኖ ለሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች "የሳይንስ ተሰጥኦ ፍለጋ" የተባለ ውድድር ጀመረ። እዚህ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ተማሪው ምን ይዞ መጣ ከማለት ይልቅ እንዴት ያስባል፣ ምን ጠይቆ ምን አገኘ የሚለው መታየት ጀመረ።

በዚያ ውድድር ካለፉት ልጆች መካከል ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙ አሉበት። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ሮአልድ ሆፍማን በ1937 በወቅቱ ፖላንድ በነበረች ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። አባቱን ናዚዎች ገደሉበት፤ እሱ ከእናቱ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ሥር ተደብቆ ተረፈ። አሜሪካ የገባው በ1949 ነው። እንግሊዝኛ ስድስተኛ ቋንቋው ነበር። በ1955 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ በዚህ ውድድር ተሸለመ። በ1981 ደግሞ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆነ። "እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ሳይንስ አይሆነኝም" የምትሉኝ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።

በ1950 ሳይንስ ሰርቪስ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሳይንስ ፌር ፊላዴልፊያ ላይ አዘጋጀ። የቀረቡት ተማሪዎች 30 ብቻ ነበሩ። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ህዋ ስትልክ አሜሪካኖቹ ደነገጡ። በሳይንስ ተበለጥን ብለው በማግሥቱ ዓመት ለሳይንስ ትምህርት ትልቅ በጀት በሕግ አጸደቁ፤ ፌሩም በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። በዚያው በ1958 ጃፓን፣ ካናዳና ጀርመን ተቀላቀሉ፤ ውድድሩ ዓለም አቀፍ ሆነ። ዛሬ "አይሴፍ" በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል። በየዓመቱ ከ60 በላይ አገሮች የመጡ 1,600 ገደማ ተማሪዎች ይወዳደሩበታል።

የዚህ ውድድር አንድ ደንብ እኔን ይማርከኛል። ዳኞች ሲዞሩ መምህርም ወላጅም አዳራሹ ውስጥ አይቆምም። ዳኛው ፊት ለፊት የሚያገኘው ልጁን ነው። ለምን ይህን መረጥክ? በምን ለካህ? ስንት ጊዜ ደገምከው? ውጤቱ እንዳሰብከው ባይመጣስ ምን አደረግክ? ሞዴል አፍ የለውም፤ መልስ የሚሰጠው ልጁ ነው። በገንዘብ ያሠራ ልጅ እዚያ ጋ ይይዘዋል።

እስቲ ደግሞ የእኛው አህጉር ልጆች ምን ይዘው እንደቀረቡ እንይ። በ2012 ጎግል ባዘጋጀው የሳይንስ ፌር ላይ ከኢስዋቲኒ (ያኔ ስዋዚላንድ) ሁለት የ14 ዓመት ልጆች፣ ሳኪዌ ሾንግዌ እና ቦንኬ ማህላሌላ፣ የ50,000 ዶላር ሽልማት አገኙ። ጥያቄያቸው "የአገራችን ድሃ ገበሬ ያለ ውድ ዕቃ፣ ያለ አፈር አትክልት ማብቀል ይችላል?" የሚል ነበር። የተጠቀሙት የተጣለ ካርቶን፣ ሰጋቱራና የዶሮ ኩስ ነው። በ2016 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ በድርቅ ስትመታ የ16 ዓመቷ ኪያራ ኒርጊን ከብርቱካንና ከአቮካዶ ልጣጭ ውሃ መጥጦ የሚይዝ፣ አፈርን ለማርጠብ የሚያገለግል ነገር ሠርታ የዚያው ፌር የበላይ አሸናፊ ሆነች። ልጣጭ ነው እኮ! እኛ የምንጥለው።

ሄመን በቀለንም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ አሜሪካ የሄደው ልጅ ማለቴ ነው። በ2023፣ በ14 ዓመቱ፣ የ3ኤም ወጣት ሳይንቲስቶች ውድድርን አሸንፎ 25,000 ዶላር ተሸለመ፤ በ2024 ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ አለው። ያቀረበው ሐሳብ ለቆዳ ካንሰር ሕክምና የሚረዳ ሳሙና ነበር። መነሻው ደግሞ ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ያያቸው ሰዎች ናቸው፤ ያለ ምንም መከላከያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚሠሩ።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ላድርግ። እኛ ሰፈር "ካንሰርን ያዳነው ልጅ" እየተባለ ሲጻፍ ነበር። እንደዚያ አይደለም። መድኃኒቱ፣ ኢሚኪሞድ ይባላል፣ በቅባት መልክ ቀድሞም ነበር። የእሱ ጥያቄ "ለምን በርካሽ ሳሙና አናደርሰውም?" የሚል ነው። ሸልመውት አላበቃም፤ ሳሙናው ገና ብዙ ምርመራ ስለሚቀረው ሥራውን በቤተ ሙከራ ቀጥሏል። ይህን መናገር ልጁን አያሳንሰውም። እንዲያውም ሳይንስ ማለት ይሄ ነው፤ ጥያቄ፣ ሙከራ፣ እንደገና ሙከራ።

ሳሙና ካልን አይቀር ዶክተር አክሊሉ ለማን እናንሳ። ይህ የውድድር ታሪክ አይደለም፣ ግን ለፌር ተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። በ1964 ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣው ነው። አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ከዚያ የዓመታት ምርምር ተከተለና በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በእንዶድ ስንት ትውልድ ልብስ አጥቧል። የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ "ለምን?" ብሎ የሞከረው ግን እሳቸው ናቸው። ለዚያች የመጀመሪያ ሙከራ ያስፈለገው አንድ ዕቃና እፍኝ እንዶድ ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ "ስንት ብር ያስፈልጋል?" ለሚለው መልሴ ይሄ ነው፦ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪቢቶ፣ አንድ እውነተኛ ጥያቄ። ቤታችሁን ተመልከቱ። አያቶቻችን እህል ላይ አመድ ይነሰንሳሉ፤ አመድ በቆሎን ከነቀዝ ያድነዋል ወይ? ሁለት ማሰሮ በቆሎ ውሰዱ፤ አንዱ አመድ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። በየሳምንቱ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ቆጥራችሁ ጻፉ። ላቀች ምድጃ ከተራው የከሰል ምድጃ በእርግጥ ከሰል ይቆጥባል? እኩል ከሰል መዝናችሁ እኩል ውሃ አፍሉ። ደጋግሙት። ያልጠበቃችሁት ውጤት ከመጣ አትደብቁት፤ ዋናው ወሬ እሱ ሊሆን ይችላል።

ኤሌክትሮኒክስ አትሥሩ እያልኩ አይደለም። በገዛ እጁ በይዶ፣ አቃጥሎ፣ እንደገና የገጣጠመ ልጅ ሁለት እጄን አንስቼ አጨበጭብለታለሁ። የምለው፣ የገዛችሁትን "ሠራሁት" አትበሉ ነው።

ወላጆች፣ ለሞዴል ማሠሪያ ብር ስትጠየቁ መጀመሪያ "ጥያቄህ ምንድን ነው?" በሉልኝ። ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ሐሳብ አለኝ። በማርክ መስጫ ወረቀታችን ላይ ከግማሽ በላይ ነጥቡ ልጁ በቃሉ ለሚሰጠው መልስና ለደብተሩ ይሁን። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ብር የሌላትን ልጅ ግን ያስመዘግባታል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም ሥራ የያዛችሁም፣ ዘንድሮ መጥታችሁ ዳኛ ሁኑልን። የሚጠይቅ ሰው ነው የሚጎድለን። የምትችሉ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ።