በሰም የተቀረጸ ጨዋታ፦ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎችና የሰሚው ጉዳይ

የአገራችንን የቅርብ ዘመን ታሪክ ስናጠና ብዙውን ጊዜ የምንመረምረው በብራናና በወረቀት የሰፈረውን ነው። ደብዳቤው፥ ውሉና ዜና መዋዕሉ ተገቢ ቦታቸውን አግኝተዋል። በድምፅ የቀረው ቅርስ ግን፥ በተለይም ለሳቅና ለጨዋታ የተባለው፥ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ተቆጥሮ ወደ ጎን ሲተው ይታያል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከተተዉት አንዱን፥ ማለትም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ያስቀረጿቸውን የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ የዘፈን ሸክላዎች እንመለከታለን። የምናነሣውም ጥያቄ ይህ ነው፤ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ቋንቋውን በማያውቁ ሰዎች መካከል ሆኖ ሲቀረጽ፥ ሸክላው ከጨዋታው ምኑን ያዘ? ምኑንስ ጣለ? ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የኢትዮጵያውያን ድምፅ በመሣሪያ የተያዘው ከተሰማ በፊት መሆኑን በቅድሚያ መናገር ይገባል። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 መልሳቸውን በዚያው ዐይነት መሣሪያ ሰጡ። ይህ የመንግሥት ድምፅ ነው፤ ቃሉ የተመዘነ፥ ተቀባዩ የታወቀ፥ ትርጉሙም አንድ ብቻ ነው። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የተቀረጸው የተሰማ ድምፅ ግን የጨዋታ ድምፅ ነው። የጨዋታ ቃል ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ወገን ይተረጐማል። ሁለቱን ድምፆች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት ሁለት ገጽታ ለማየት ይረዳል።

ተሰማ እሸቴ በ1877 በምንጃር ተወለዱ። በ1908 አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ነጋዴ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አምጥቶ ነበር። አዲሱን ሠረገላ የሚነዳና የሚጠግን የአገር ልጅ አስፈላጊ ስለ ሆነ፥ ተሰማ ይህን ሙያ እንዲማሩ ከሆልትስ ጋር ወደ ጀርመን ተላኩ። እስከ 1910 ባለው ጊዜም በበርሊን ከተማ ማሲንቆ እየመቱ ያዜሙትን በሸክላ አስቀረጹ። የሄዱት ለሞተር ትምህርት ነው፤ ታሪክ ይበልጥ የሚያስታውሳቸው ግን በድምፃቸው ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ አዝማሪነት አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በአገራችን አዝማሪ ተወዳጅም የተናቀም ሰው ነበር። በሠርጉና በግብሩ ይፈለጋል፤ ሲያልፍ ግን ስሙ ስድብ ይሆናል። ይሁንና ሌላው ሰው የማይደፍረውን ለትልቅ ሰው ፊት ለፊት የመናገር ፈቃድ ነበረው። ጌታው ንፉግ እንደ ሆነ በምስጋና አስመስሎ ይነግረዋል፤ ጌታውም ቢቈጣ ራሱን የሚያጋልጥ ስለሚሆን ስቆ ይሸልመዋል። ተሰማ ከአዝማሪ ወገን አልነበሩም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። ኋላም የነጋድራስነት ማዕርግ አግኝተዋል፤ በልጅ ኢያሱ ዘመንም የፖስታ፥ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስትር ሆነዋል። እንዲህ ያለ ሰው ማሲንቆ ማንሣቱ የአዝማሪውን ፈቃድ ከመኳንንቱ ወንበር ጋር ማገናኘት ነው። የጨዋታቸው ኀይልም ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

አሁን ወደ አቀራረጹ እንለፍ። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ ገና አልዋለም፤ የዋለው ከ1925 ወዲህ ነው። ዘፋኙ በትልቅ የቀንድ ቅርጽ ባለው ቱቦ አፍ አጠገብ ሆኖ ይጮኻል፤ ድምፁ በቱቦው ገብቶ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑም መርፌውን፥ መርፌው ደግሞ ወፍራም የሰም ገበታ ይጭራል። ከሰሙ ላይ የብረት ቅርጽ ይነሣል፤ በብረቱም ለገበያ የሚወጣው ሸክላ ይታተማል። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ ይህ አሠራር ከአንጥረኛው አሠራር ጋር ይመሳሰላል። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁን ያፈሳል። የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜም የተወሰደው ከዚሁ ነው። የበርሊኑ መሣሪያ ሰሙን በሚገባ ያዘ፤ ድምፁን፥ ዜማውን፥ ቃሉን አስቀረልን። ወርቁን ግን ማፍሰስ የመሣሪያው ሥራ አይደለም፤ የሰሚው ሥራ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት እኛው ራሳችን ያበጀነውን አንድ ተራ ምሳሌ እንስጥ። «አልጋው ሰፊ ነው፤ እንቅልፍ ግን የለውም» ቢባል፥ በመኝታ ቤት የሚሰማ ሰው የሌሊት ጭንቀት መስሎት ያልፈዋል። በቤተ መንግሥት የሚሰማው ግን አልጋ ማለት ዙፋን መሆኑን ያውቃልና ፈገግ ይላል፤ ወይም ይደነግጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ የለወጠው ቦታውና ሰሚው ነው። በአዝማሪ ጨዋታ ደግሞ ሰሚው ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ግጥም አውጥቶ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሌላው ይመልሳል፤ ሳቁም ከዚህ ምልልስ ይወለዳል። በቀረጻው ክፍል ግን ቱቦ እንጂ ተቀበል የሚል ሰው አልነበረም። መሣሪያውን የሚያሠሩት ሰዎች አማርኛ አያውቁም፤ በየት በኩል እንደሚሳቅ ሊገባቸው አይችልም። እንግዲህ ተሰማ የተጫወቱት በዚያ ለሌሉ፥ ሸክላው አገር ሲደርስ ለሚሰሙ ሰዎች ነበር ማለት ይቻላል።

በዓለም ታሪክ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አለ። በአሜሪካ በባርነት ዘመን የተወለደው ጆርጅ ጆንሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ1890ዎቹ በሳቅ ዘፈኑ ታላቅ ስም ያገኘ የመጀመሪያው የፎኖግራፍ ዘፋኝ ነበር። የእርሱ ሳቅ በዜማ የተቀነባበረ እውነተኛ ሳቅ ስለ ሆነ፥ ቋንቋ የማያውቅም ይስቅበታል። ነገር ግን ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚስቀው በዘፋኙ ወገን ላይ ነበር። የተሰማ ጨዋታ የዚህ ተቃራኒ ነው። በጀርመን ገበያ ማንንም አያስቅም፤ በራሱ አገር ግን ዘፋኙ ከሰሚው ጋር ይስቃል። አንዱ ሸክላ ያለ ትርጓሜ ዓለምን ዞረ፤ ሌላው ትርጓሜውን ከሚያውቁ ጋር ቀረ። ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም አንድ ኅብረተሰብ ምን ያስቀው እንደ ነበር የሚያውቅ፥ ምን ያስፈራው እንደ ነበርም ያውቃል።

ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱ የነጋድራስ ተሰማም ዕድል አብሮ ወረደ። ሆኖም ረጅም ዕድሜ ኖረው በ1964 ዐረፉ። ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፥ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት፥ የአባታቸውን ግጥሞችና ጨዋታዎች «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ሰብስበዋል። ሸክላዎቹም በመቶኛው ዓመት ገደማ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ 27ኛ ክፍል ሆነው እንደ ገና ታትመዋል። ስለዚህ ድምፁ አልጠፋም፤ የመጽሐፉም ቃል አለ።

ከበርሊኑ ቀረጻ ስልሳ ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1969፥ አምኃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ የመንግሥቱን የሸክላ ብቸኛ መብት ሳይፈሩ የራሳቸውን ማሳተሚያ አቋቋሙ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያስቀረጹትም ዓለማየሁ እሸቴን ነው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች በዚህ ስም ወጡ። በዚህ ጊዜ የተለወጠው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ዘፋኙ የሚቀረጸው በራሱ ከተማ፥ በሚያውቁት ሰዎች መካከል ነው፤ ሸክላውም በየሙዚቃ ቤቱ ይሰማል። የጠፋው ሰሚ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው።

ዛሬስ? በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘውን ሀና ማርያምን እንውሰድ። ሰፈሩ ቀድሞ የከተማ ዳር ነበር፤ አሁን ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ የሰፈረበት ሆኗል። ሀና ማርያም ያለበት ክፍለ ከተማ ከስሙ ገሚሱን የወሰደው ከነፋስ ስልክ ነው፤ ይህም ያለ ሽቦ ድምፅ የሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ ለሕዝቡ የሰጠው ስም ነው። የመቶ ዓመቱ የተሰማ ድምፅ አሁን በዚያ ሰፈር በማንኛውም ወጣት ስልክ ውስጥ ያለ ሽቦ ይገባል። ሰሙ እንዲህ በቀላሉ ደረሰ። ወርቁ ግን አብሮ አይደርስም፤ የጥንቱን ቃል፥ የቤተ መንግሥቱን ልማድ፥ የአሽሙሩን ዒላማ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያሉ አረጋውያን በየሰፈሩ አሉ፤ ቍጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሚኖርበት ሰፈር፥ በሀና ማርያምም ሆነ በሌላው፥ ሸክላውን ለአንድ አረጋዊ ወይም ለአንዲት አሮጊት ያሰማ። የት ላይ እንደ ሳቁ፥ የት ላይ ዝም እንዳሉ፥ ለምን እንደ ሆነም ጠይቆ ከነቀኑና ከነቦታው ይመዝግብ። ሁለት አረጋውያን በአንዱ ስንኝ ላይ ባይስማሙ፥ አለመስማማታቸውም እንደ ምንጭ ይጻፍ፤ በጨዋታ ሁለት ትርጉም ጥፋት አይደለምና። ሸክላውን ከመፋቅ ያዳኑ ሰዎች ሥራቸውን ፈጽመዋል። ትርጓሜውን ከመረሳት ማዳን ግን የእኛ የተማሪዎቹ ፈንታ ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ መዝገብ፥ አንድ ከሰዓት በኋላና የመስማት ትዕግሥት ብቻ ነው።