አመልካችና ስንቅ ያዥ፦ ኪውአር ኮድ በወለጋ ኮሌጆች

የትምህርት መሣሪያ መመዘን ያለበት በተፈለሰፈበት አገር ባለው ምቾት ሳይሆን ሥራ ላይ በሚውልበት አገር ባለው ችግር ስለሆነ፣ በነቀምት፣ በሻምቡ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ባሉት የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ኪውአር ኮድን ለማስተማሪያነት ለማዋል የሚያስብ መምህር አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ወቅት አለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ወር መገባደጃ እስከ መጋቢት ወር መገባደጃ ድረስ በወለጋ ዞኖች የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያው በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ሲዘጉና ሌላው አገር ትምህርቱን በኢንተርኔት ለመቀጠል መላ ሲመታ፣ የወለጋ ተማሪ ለዚያ መላ እንኳ አልታደለም።

የኪውአር ኮድ ትእምርት ራሱ ዛሬ ለተማሪው እንግዳ አይደለም፤ በቴሌብር ሲከፍል ያየዋል፣ በፋይዳ መታወቂያው ላይም ታትሞ ይዞት ይዞራል። ጥንተ ነገሩ ግን ከፋብሪካ ነው። በጃፓን አገር በዴንሶ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ማሳሂሮ ሐራ፣ ባለ መስመሩ ባርኮድ ከ20 ፊደል ያህል በላይ ስለማይዝና የመኪና ዕቃ ቆጣሪዎች በአንድ ሣጥን ላይ ብዙ ባርኮድ ማንበብ ስለ ሰለቻቸው፣ ይህንን አዲስ ትእምርት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 አወጣ። በሦስቱ ማዕዘን የሚታዩት ካሬዎች የጥቁርና የነጭ ምጣኔያቸው 1፡1፡3፡1፡1 የሆነው፣ በኅትመት ውጤቶች ሁሉ እጅግ ብርቅ የሆነው ምጣኔ ተፈልጎ ስለ ተመረጠ ነው፤ ስለዚህም አንባቢው መሣሪያ ትእምርቱን ከሌላ ጽሑፍ መካከል ሳይሳሳት ይለየዋል። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ይዞ ሳለ ማንም ሳይከፍል እንዲጠቀምበት መተዉ ደግሞ ለድሃ ኮሌጅ ትልቅ ስጦታ ነው።

በኮሌጆች የተለመደው አገልግሎት ግን ማመልከት ብቻ ነው፤ መምህሩ ቪዲዮውን ወይም መጽሐፉን ኢንተርኔት ላይ ያኖርና አድራሻውን በኮድ አትሞ በሞጁሉ ጠርዝ ላይ ይለጥፋል። መረቡ ሲቋረጥ ያ ኮድ ባዶ ሥዕል ይሆናል። ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ይኸው ኮድ አድራሻ በመያዝ ፈንታ ጽሑፉን ራሱን እንደ ስንቅ ተሸክሞ፣ ያለ አንዳች መረብ በስልክ ሊነበብ መቻሉን ነው። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ስንቁ ምን ያህል ነው? ትልቁ ኮድ 177 በ177 ነጥብ ሲሆን ቢበዛ 2,953 ባይት ይይዛል። የላቲን ሆሄ 1 ባይት ሲወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በዚያ ትልቅ ኮድ ውስጥ የሚገባው 984 ፊደል ብቻ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና በኋላ በነቀምት ባቋቋመው የማስተማር ሥራው መሠረት የሆነው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ፣ የዛሬው የነቀምት ኦሮምኛ አስተማሪ በዚህ ስሌት ከአማርኛ አስተማሪው ይልቅ ሦስት እጥፍ ዕድለኛ ይመስላል። ነገር ግን ልዩነቱ እንደሚመስለው አይደለም፤ «ነቀምት» በፊደል 4 ሆሄ ሆኖ 12 ባይት ሲወስድ፣ በቁቤ 8 ሆሄ ሆኖ 8 ባይት ይወስዳል፤ የፊደል ክብደት በቃሉ ማጠር በከፊል ይካካሳል።

እጅግ ትልቁን ኮድ በርካሽ ስልክ ማንበብ አዳጋች ስለሆነ፣ ለኮሌጅ የሚበጀው መካከለኛው ነው። 97 በ97 ነጥብ ያለው ኮድ በዝቅተኛው የመጠገን ኃይል፣ ማለት ከ100 እጅ 7 እጁ ቢበላሽ ለማንበብ በሚያስችለው፣ 858 ባይት ወይም 286 ፊደል ይይዛል፤ በከፍተኛው፣ 30 እጁ ቢበላሽ በሚነበበው፣ 382 ባይት ወይም 127 ፊደል ብቻ ይይዛል። ሞጁሉ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት እየተባዛ በየጊዜው የሚደበዝዝ በመሆኑ፣ ሁለተኛውን መምረጥ ብልህነት ነው፤ በዙሪያው የሚተወው የ4 ነጥብ ስፋት ነጭ ጠርዝም ሲገለበጥ እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ ያለ እርሱ ስልኩ ኮዱን ላያገኘው ይችላል።

127 ፊደል ለሙሉ ትምህርት አይበቃም፤ ደግሞም እንዲበቃ መመኘት ስሕተት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባቡ ከመጽሐፍ ሲገኝ ትርጓሜው ከመምህሩ አፍ ይሰማ ነበር፤ ተማሪውም አስቀድሞ በንባቡ ይደክም ነበር። እንደዚሁ በወረቀቱ ላይ ጥያቄው፣ በኮዱ ውስጥ መልሱ ወይም ፍንጩ ቢቀመጥ፣ ተማሪው መልሱን ሳያይ ለመሞከር ይገደዳል። ለቤተ ሙከራ ዕቃ የጥንቃቄ ቃል፣ ለዛፍ ወይም ለናሙና ስሙ በሁለት ልሳን፣ ለሒሳብ ቀመሩ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ ጥቂት ቦታ ይገባሉ። ድምፅና ቪዲዮ ለሚሹ ትምህርቶች ኮዱ በግቢው ሰርቨር ላይ ያለውን ፋይል ቢያመለክት፣ የውጭው መረብ ተቋርጦም ቢሆን በግቢው ዋይፋይ ይከፈታል፤ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ አብሮ ስለሚጠፋ ግን በወረቀት ላይ ያለውን ጽሑፍ ያዥ ኮድ ሊተካው አይችልም።

ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪም መረሳት የለበትም። በኮዱ ውስጥ ያለው ሁሉ በሞጁሉ መጨረሻ በተራ ጽሑፍ ይታተም፤ ይህን የማያደርግ መምህር ከጓደኞቹ ያነሰ ገንዘብ ያለውን ተማሪ በትምህርትም ያሳንሰዋል። ስለዚህ በወለጋ ያላችሁ የኮሌጅ መምህራን፣ አድራሻ ብቻ የያዘ ኮድ በማተም ፈንታ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሞጁላችሁ ላይ ቢያንስ የአንዱን ምዕራፍ ጥያቄዎች መልስ በኮዱ ውስጥ ጽፋችሁ፣ ኢንተርኔቱን ዘግታችሁ በተማሪዎቻችሁ ስልክ ፈትኑት።