ጓሳን ማን ጠበቀው? የመንዝ የቄሮ ሥርዓትና የዛሬው ጎብኚ

(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



ወደ መንዝ ጓሳ መጀመሪያ የወጣሁት ባይናኩላር በአንገቴ፣ የወፎች ዝርዝር በኪሴ ይዤ ነበር። ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ይጀምራል። ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ በእግር ሲጓዙ በረግረጉ ዳር ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ሲግጥ ይታያል፤ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች ብቅ ይላሉ፤ የቀናው ሰው አይጥ የሚያደባ ቀይ ቀበሮ ያያል። የአንኮበር ሰሪን የተባለችውን፣ ለሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የተዋወቀችውን ትንሽ ወፍም የሚሹ ሰዎች ወደዚህ ይመጣሉ። እኔም በዚያ ማለዳ ማስታወሻዬ ላይ «ሰው ያልነካው መሬት» ብዬ ጻፍሁ። ዛሬ የምናገረው ይህ አባባል ስሕተት ስለ መሆኑ ነው።

ስሕተቴን ያረሙኝ መንገድ ያሳዩኝ የነበሩት አዛውንት ናቸው። የጻፍሁትን ባነብላቸው ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ያልተነካስ አይደለም፤ የተጠበቀ ነው» አሉኝ። እኔ የታሪክ ተማሪ ሆኜ የመሬቱን ታሪክ ሳልጠይቅ ወፎቹን ስቆጥር ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት መሬቱን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ሲሆኑ፣ ዘመኑም 17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ነበር ይነገራል። ዘሮቻቸው ጓሳን በጋራ ያዙት፤ አጠባበቁም ቄሮ ተባለ። ተጠቃሚዎቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ እርሱም መሬቱ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ከሕዝቡ ጋር ይመክራል። ሣሩ እስኪያገግም ድረስ ግጦሽና አጨዳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሊከለከል ይችላል። ሲከፈትም በበጋው መካከል ነው፤ ሐምሌ 5 ቀን፣ በሐምሌ አቦ፣ ከብቱ ሁሉ ይወጣል። ደንቡን የጣሰ ሰው ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለወፍ ወይም ለቀበሮ ተብሎ አልነበረም። ጓሳ የተባለው ሣር የቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ነው፤ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ነው። ቁጥቋጦው ማገዶ ነው። በድርቅ ዘመን ደግሞ መሬቱ የከብት መትረፊያ ነው። ሣሩ ሲጠበቅ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው አይጥ ተጠበቀ፤ አይጡን የሚበላው ቀበሮም እንዲሁ።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደስ የታሪክ ሥራ አይደለም። የቄሮ መብት የዘር መብት ነበር። ከአስቦም ከጌራም የማይወለድ ሰው ከዳር ሆኖ ይመለከት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ይህ መብት ቀረ፤ መሬቱም ለገበሬ ማኅበራት ተከፈተ። ፍትሕ ሲገባ ግን ጥበቃው ላላ፤ ቀድሞ ተራውን ይጠብቅ የነበረውም ሆነ አዲስ መብት ያገኘው እኩል ተሻማ። ከዚያ በኋላ ኗሪዎቹ ራሳቸው በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን መለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ዘር ሳይቆጠር ነው። የክልሉ መንግሥትም በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ለእኔ የጓሳ ታላቅ ምዕራፍ ከአራት መቶ ዓመቱ ይልቅ ይህ ነው፤ ሕዝቡ አሮጌውን ጥበብ ይዞ አሮጌውን አድልዎ ጥሏልና።

ከዚህ ጋር ሰሜን ተራሮችን ብናነጻጽር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ሰሜን በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያ ጥበቃው ከላይ መጣ፤ በመጨረሻም የግጭ መንደር ኗሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ሆነ። ዋልያውን ማዳን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ውብ ጎዳና የሚሄድ ሰው ጸጥታው ከየት እንደ መጣ ሊያውቅ ይገባዋል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ወደ ጓሳ ውጡ፤ ወፎቹንም ቁጠሩ። ነገር ግን ከወፎቹ ዝርዝር ጎን ሌላ ገጽ ክፈቱና ሣሩን ማን እንደ ተወው፣ ለስንት ዓመት እንደ ተወው፣ የእናንተም የመግቢያ ክፍያ ለማን እንደሚደርስ ጠይቃችሁ ጻፉ። እኔ በዚያ ማለዳ የጻፍሁትን አልፋቅሁትም፤ አንድ መስመር ሰርዤበት ከሥሩ የአዛውንቱን ቃል ጨመርሁ።