የመርካቶ እኩያ

ከአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት መርካቶ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው። በሄድኩበት ቁጥር ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያስታውሰኛል፤ ከአንዱ ጫፍ ተውኔቱ፣ ከሌላው ጫፍ ግጥሙ አለና።

ፋሺስቶች አቡነ ጴጥሮስን የረሸኗቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከ19 ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 11፣ አምቦ አቅራቢያ ቦዳ በምትባል መንደር ጸጋዬ ተወለደ። ጣሊያን አራዳ ጊዮርጊስ የነበረውን ትልቁን ገበያ ነቅሎ ለአገሬው ሕዝብ ብሎ ወደ አዲስ ከተማ የወሰደውም በዚያው በወረራው ዘመን ነው፤ «መርካቶ» የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። እንግዲህ ባለቅኔውና ገበያው እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ካደገ በኋላ ሰማዕቱን በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»፣ ገበያውን በ«አይ መርካቶ» ጻፋቸው።

ከአምቦ አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ቺካጎ ተሻግሮ ሕግ አጠና። ልቡ ግን ቴአትር ቤት ነበር። ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የመድረክ ሥራን ተመለከተ፤ ሲመለስ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለዓመታት በኃላፊነት ሠራ። በ29 ዓመቱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ አናገራቸው። በአብዮቱ ዋዜማና ማግሥት «ሀሁ በስድስት ወር»ን ጻፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ደርግ አሰረው።

ስሙ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ቴዎድሮስና ወደ ጴጥሮስ እንሮጣለን። እኔ ግን ከነገሥታቱና ከሰማዕታቱ እኩል የድሃው ሰፈር ጸሐፊ ነው ብዬ አምናለሁ። «የከርሞ ሰው»ን ያነበበ ይመስክር፤ የከተማው ችግረኛ ቤተሰብ ከነንግግሩ፣ ከነጭንቀቱ መድረክ ላይ ወጥቷል።

በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ ያለው «አይ መርካቶ»ም ለእኔ በግጥም የተጻፈ ተውኔት ነው። ገበያዋን ከሩቅ ቆሞ አይገልጻትም፤ «አንቺ» እያለ ፊት ለፊት ያናግራታል። ርእሱን ብቻ ተመልከቱት። «አይ» በአማርኛችን ኀዘን ነው፣ አድናቆትም ነው፣ ወቀሳም ነው። ግጥሙን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ተዋናይን እንዲህ የሚፈትን ቃል የሚያስቀድመው የመድረክ ሰው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ገባሁ። አንድ ወጣት የዘይት ቆርቆሮ ቀድዶ ዘርግቷል፤ የከሰል ማንደጃ ሊሠራበት ነው። ጠርዙን በመዶሻ እያጠፈ ይቀጠቅጣል፣ ቆርቆሮውን ያዞራል፣ እንደገና ይቀጠቅጣል። ከጎኑ ያለው ጓደኛው የእሱ መዶሻ ሲነሳ የራሱን ያሳርፋል። ጸጋዬ ስንኙን ለሁለት ከፍሎ በየክፍሉ ስምንት ስምንት ቀለም ይሰድር ነበር፤ «የጸጋዬ ቤት» ይሉታል። ከሁለቱ መዶሻዎች ምት ጋር ግጥሙን በለሆሳስ ሞከርኩት፤ አንዳንዱ ስንኝ ገጠመ፣ አንዳንዱ ቀድሞኝ ሄደ።

ጸጋዬ ለኩላሊት ሕክምና በሄደበት ኒው ዮርክ የካቲት 1998 ዓ.ም. አረፈ፤ አስከሬኑ አገሩ ገብቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ዋሻ ሲባል በ2005 ተነስቶ በ2008 ወደ ቦታው ሲመለስ እሱ አልነበረም። በዚያ ቀን ምን ይጽፍ ነበር እያልኩ ዛሬም ይቆጨኛል።

ምናለሽ ተራ ቆሜ የግጥሙን የመጨረሻ ስንኝ ሳልደርስ ከኋላዬ ድምፅ መጣ። «አባባ፣ ዞር ይበሉልኝ!» ከራሱ በላይ የተቆለለ ማዳበሪያ የተሸከመ ልጅ ነው፤ ላቡ እስከ አገጩ ወርዷል። መጽሐፉን ዘግቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩና አሳለፍኩት።